ሜዳ ነው

አባቴና እናቴ የተጣሉባት ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም መኪና ነበረች።

እናቴ "ጣውንቴ" ትላታለች። የእናቴ ታናሽ ወንድም "አሮጊቷ" ይላታል። አባዬ ግን ስም አላወጣላትም፤ "እሷ" ብቻ ነው የሚላት። "እሷ ጋ ነኝ"፣ "እስቲ እሷን ልያት"፣ "ዛሬ እሷ አኩርፋለች"። እኔ ሳልወለድ በፊት በረሃ ለበረሃ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍሩ ሰዎችን ስታመላልስ የኖረች፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ ጂፕ ናት። ያኔ ሾፌሯ አባዬ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ አንድ ግቢ ጥግ ተጣለች፤ ዶሮ እንቁላል እየጣለባት፣ ሣር ወለሏን በስቶ እየወጣ ዓመታት ቆየች። እኔ አንደኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት አባዬ በሌላ መኪና አስጎትቶ አመጣትና ጓሯችን ካለው የቆርቆሮ ጋራዥ አስገባት። ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አባዬን የፈለገ ሰው የሚያገኘው ከሥሯ ተጋድሞ ነው፤ ያውም እግሮቹን ብቻ።

አባዬ መካኒክ ነው። ሰው የታመመ መኪና ይዞ ሲመጣ "አስነሣውና ዝም በል" ይለዋል። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ "ሦስተኛው ካንዴላ ነው" ይላል። ሲፈታ ሦስተኛው ሆኖ ይገኛል። ሰው ሁሉ "ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራል" እያለ ሲያወራለት እኔ በኩራት እነፋ ነበር። አባቱ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራ ልጅ በክፍላችን ሌላ አልነበረማ!

እሷ ላይ ሲሠራ ደግሞ ባሰበት። መብራት አያበራም። ዳዶውን ሁሉ በጣቱ ጫፍ እየዳሰሰ ይፈታል፣ በቤንዚን ያጥባል፣ መልሶ ይገጥማል። የብሎን ጥርስ ማለቅ አለማለቁን ለማወቅ ከንፈሩ ላይ ያሽከረክረዋል። እኔ የሚስመው መስሎኝ እናቴ ጋ ሮጥኩ።

"እማዬ! አባዬ ብሎን ሳመ!"

"ይሳም። ከእኔ ጢሙን ያራቀልኝ ሁሉ ይባረክ" አለችና የስፌት መኪናዋን ረገጠች። ቀልድ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ግን አልሳቀችም።

የመፍቻ ቁልፎቹ ጋራዡ ግድግዳ ላይ፣ በየሚስማራቸው፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ ተሰልፈው ይንጠለጠላሉ። አንድ ቀን አሥራ አራት ቁጥሯን አወረድኩና ለአሻንጉሊቴ አልጋ አደረግኋት። አባዬ እጁን ሰድዶ ባዶ ሚስማር ሲጨብጥ ፊቱ ተለወጠ። ቁልፏ እኮ እዚያው አግዳሚው ላይ፣ ከሱ አንድ ክንድ እንኳ ሳትርቅ ተቀምጣለች። በዕድሜዬ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ በጥፊ መታኝ። ለአንዲት ቁልፍ! ፊቱ ያለችውን አንሥቶ አይሠራም? እያልኩ ሳምንት ሙሉ ተነፋረቅሁ።

ፊቱ አልነበረችም። ጎኑ ነበረች። የአባዬ ዓይን ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ፣ ቀለምም እየደበዘዘበት ነበር፤ ያን ዓመት ዓለምን የሚያየው በቧንቧ ቀዳዳ አሾልቆ እንደሚያይ ሰው ነበር። ይህን የሚያውቁት እናቴ፣ አጎቴና ሐኪሙ ብቻ ናቸው። "ልጅቷ እንዳትሰማ፤ ትረበሻለች" ተባብለው ተስማምተዋል። ለኔ አስበው ነው። ምነው ባላሰቡልኝ ኖሮ።

አባዬና እኔ "ሌባ" የምንለው ጨዋታ ነበረን። አንድ ዕቃ ያነሣና "ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ ምን ቀለም ነው?" ይለኛል። እኔ ሆን ብዬ እዋሻለሁ። ቀዩን ሽቦ "አረንጓዴ"፣ ካንዴላውን "ማንኪያ" እለዋለሁ። እሱ "ሌባ!" ብሎ ጆሮዬን ይይዛል፤ እኔ እንደ ፍየል እጮሃለሁ። ጨዋታው ይኸው ነው። ሕጉም አንድ ነው፤ እኔ እዋሻለሁ፣ እሱ ይይዘኛል። አንድም ቀን ሳይይዘኝ ቀርቶ አያውቅም ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ስደርስ መያዙን እየተወ መጣ። "አረንጓዴ ነው" ስለው "እሺ" ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። አንድ ቀን በኔ ውሸት የመብራቱን ሽቦ ከጡሩምባው ጋር አገናኝቶት ኖሮ፣ መብራት አበራለሁ ብሎ ማብሪያውን ሲነካ ጡሩምባው ሰፈሩን በሙሉ አስደነበረው። ሳቄ አላስቆም ብሎኝ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። አባዬም ሳቀ። ከዚያ የሾፌር ወንበሯ ላይ ወጥቶ ብዙ ቆየ። በማግስቱ እናቴ ቀለሙን እየነገረችው በየሽቦው ጫፍ የክር ቋጠሮ አሰረ፤ ለቀዩ አንድ፣ ለቢጫው ሁለት፣ ለጥቁሩ ሦስት። ጌጥ መስሎኝ "ለኔም" አልኩት። ፀጉሬ ላይ አንድ አሰረልኝ።

አጎቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ድምፁ ከመኪናው ቀድሞ ሰፈር የሚደርስ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ከእናቴ ጋር በሹክሹክታ ሲያወራ ሰማሁት። እነሱ ስፌት ክፍሉ ውስጥ፣ እኔ ከጨርቅ ክምሩ ኋላ።

"ምን አለ ሐኪሙ?"

"ምን ይላል። ከዳር ከዳር እየበላው ነው የመጣው፤ ጠብታውም አላቆመው።"

"ምን ያህል ጊዜ አለው?"

"ክረምቱን አይሻገርም አለኝ። እሱ ደግሞ ሳይጨልም አንድ ጊዜ ልንዳት ነው የሚለው። በረሃ ይዞን ሊሄድ። 'እዚያ የምገጨው ሰው የለም' ይለኛል። ምን ብዬ ልከልክለው? እስቲ አንተ ንገረኝ፤ በምን አንጀቴ?"

"አትከልክዪው። እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ።"

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ዝገት ነው። ዝገት ቆርቆሮን ከዳር ከዳር እንደሚበላ አባዬ ራሱ አሳይቶኛል። ምስኪን መኪና፣ ክረምቱን ሳትሻገር ልታልቅ! ሄጄ የግሪስ ጣሳውን ከፈትኩና የበሩን ጠርዝ ሁሉ ለቀለቅሁት። አባዬ መጥቶ እጁ ሲሟልጭበት "ማነው እንዲህ ያደረገው?" አለ።

"እኔ ነኝ። እንዳይበላው ብዬ ነው።"

አቀፈኝ፤ ጥብቅ አድርጎ። ግሪሱ ቀሚሴን አበላሸው፣ እናቴ ጮኸች፣ በዚያው አለቀ።

በረሃ የወረድነው ዝናብ ከመግባቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ የዕረፍት ቀን ነው። አሮጊቷ ሙሽራ ሆናለች። ሰውነቷን አባዬ በእጁ ፈግፍጎ የአሸዋ ቀለም ቀብቷታል፤ ሸራዋን እናቴ እንደ አዲስ ሰፍታላታለች። ጣውንታሞቹ የታረቁት በዚያ ሸራ ነው። አስፋልቱን አጎቴ ነዳ። አባዬ አጠገቡ ተቀምጦ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ቀስሯል።

"ማርሽ ቀይር እንጂ፤ እየለመነችህ እኮ ነው።"

"ጋሼ፣ የምነዳው እኔ ነኝ አንተ?"

"ሁለታችንም አይደለንም። አንተ መሪ ያዝ፤ የምትነዳው እሷ ናት።"

እናቴ ሳቀች። እኔ ጭኗ ላይ ተኛሁ። ሁለቱ ወንዶች ከፊት ሆነው ብዙ አወሩ፤ ምን እንዳወሩ የሰማሁት ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ስንደርስ አጎቴ ወርዶ የአራቱንም ጎማ ንፋስ ቀነሰ። አሸዋ ላይ የተወጠረ ጎማ ይሰምጣል፤ ላላ ያለ ግን ከላይ ከላይ ይሄዳል። ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው እየሮጥኩ ፉጨቱን ሰማሁ። ከዚያ አባዬና አጎቴ ቦታ ተለዋወጡ። አባዬ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ገና ሳያስነሣት፣ በረጅሙ ተነፈሰ። እናቴ እጄን ጨበጠችው፤ "አመመኝ እኮ" ብላትም አልለቀቀችኝም።

ያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ይህን መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን እውነት ነው። አሸዋው ከወለሏ ሥር እንደ ዝናብ ይንኳኳል። ክምሩን ስትወጣ ሰማይ ብቻ ይታየናል፤ አናቱ ላይ ስንደርስ ሆዳችን ባዶ ይቀርና ቁልቁል እንወርዳለን። የጋለ ዘይት ሽታ፣ አፌ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ አሸዋ፣ የእናቴ "ኧረ በፈጠረህ!" አባዬ ፊቱን ቀጥ አድርጎ፣ አንዴም ግራ ቀኝ ሳይዞር፣ እያፏጨ ይነዳል። አጎቴ አላርፍ ብሏል፤ "ጋሼ ቀኝ… ቀኝ… በቃ… ትንሽ ወደ ግራ።" ሾፌር ስለሆነ የሌላ ሰው አነዳድ አላስችል ብሎት ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁበት።

አንድ ግራር ሥር ቆምን። እናቴ ምንጣፍ አነጠፈች፤ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በላን። ከሌሊት ጀምሮ ሲነዳ የመጣው አጎቴ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ እንቅልፍ ወሰደው። አባዬ ዕረፍት አጣ። ይነሣል፣ የመኪናዋን ግንባር ይዳስሳል፣ ይቀመጣል።

"አንዲት ዙር" አላት እናቴን።

"ወንድሜ ይነሣና አብሮህ ይሂድ።"

"ተይው ይተኛ፤ ደክሞታል። ከዓይንሽ አልርቅም። ሜዳ ነው እኮ። ልጅቷን ይዤ እሄዳለሁ።"

እናቴ ብዙ አየችው። ከዚያ "ሂድ" አለችው። ያቺን "ሂድ" እስክትሞት ድረስ ስትረግማት ኖረች።

ፊት ወንበር ላይ፣ አጎቴ ቦታ ተቀመጥኩ። በሩ መስታወት የለውም፤ ነፋሱ ፊቴን ያጥበኛል።

"ነይ ዓይኔ፣ የምታዪውን ንገሪኝ" አለኝ። ድሮም ሲያቆላምጠኝ "ዓይኔ" ነው የሚለኝ።

"ፊት ለፊት ሜዳ። ግራ ቁጥቋጦ። አሁን ደግሞ ድንጋይ፣ ትልቅ ድንጋይ፣ ቀኝ!"

ግራ ስለው ግራ፣ ቀኝ ስለው ቀኝ ይታዘዘኛል። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲታዘዘኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ልቤ አበጠ። "ጎበዝ! አንቺማ ከአጎትሽ ትበልጫለሽ" አለኝ። ማርሽ ቀየረ። ግራሩ ከኋላችን አነሰ፤ የእናቴ ቀይ ሻሽ ነጥብ ሆነ።

በቀኝ በኩል ከሩቅ አንድ ጥቁር መስመር አየሁ። ስንቀርብ መስመሩ አፉን ከፈተ። ደረቅ የወንዝ ቦይ ነው፤ ጠርዙ እንደ ተቆረሰ ዳቦ ቀጥ ብሎ የወረደ፣ ጥልቀቱ ሰው ቆሞ የማይታይበት።

"ልመለስ ነው፤ ቀኝ እንዴት ነው?" አለኝ አባዬ።

አይቼዋለሁ። ይህን ሸፋፍኜ ልናገረው አልችልም። ቦዩን በግልጽ አይቼዋለሁ። አባዬም ያየው መስሎኝ ነበር። እንዴት አያየውም? ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራ ሰው፣ ገልጦ አያይም? ሲጠይቀኝ ጨዋታችንን የጀመረ መሰለኝ፤ ስንት ወር ሙሉ ያልያዘኝን ዛሬ ሊይዘኝ። ሳቄን አፈንኩና፣

"ሜዳ ነው" አልኩት።

ሁለቱን ጆሮዎቼን በእጆቼ ሸፍኜ "ሌባ!" እስኪለኝ ጠበቅሁ።

"እሺ ዓይኔ" አለና መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘው።

የቀኝ ጎማዎቿ ባዶ ረገጡ። የአባዬ ቀኝ ክንድ ደረቴ ላይ ሲያርፍ፣ እጁ እኔን አልፎ የኔን በር ብረት ሲጨብጥ አየሁ። ከዚያ ሰማዩ በሩ ውስጥ አለፈ፤ መኪናዋ በኔ በኩል በጎኗ ወደቀች። እኔ የወደቅሁት ክንዱ ላይ ነው። አንድ ጎማ አየር ላይ ሆኖ ሲሽከረከር፣ ቤንዚን አንድ ቦታ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል።

"ልጄ! ደህና ነሽ? የት ነሽ? ተናገሪ!"

ምንም አልሆንኩም። ጉልበቴ እንኳ አልተላጠም። ልቤ ግን በንዴት ፈላ፤ ቦዩን እያየ ሆን ብሎ የገባበት፣ እኔን ሊቀጣ የገባበት መስሎኛል።

"አባዬ፣ አበዛኸው!" ብዬ ጮህኩበት።

እጁ ከበሩ ብረት ሥር ነው፤ የመኪናዋ ክብደት በሙሉ እሱ ላይ። እኔ ይህን አላየሁም።

"አዎ ልጄ" አለኝ። "አበዛሁት።"

አጎቴ ያን ሁሉ ሜዳ በባዶ እግሩ ሮጦ መጣ። ክሪኩን አምጥቶ መኪናዋን ከፍ እስኪያደርጋት አባዬ አንዴም አልጮኸም። እናቴ ናት የጮኸችው። "አላየኸውም? እሷስ አልነገረችህም? አንቺ! አላየሽም?"

"አልጠየቅኋትም" አለ አባዬ። ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል። "ልጅቷን አልጠየቅኋትም። እኔ ነኝ። ተያት።"

ከቁጣ ያዳነኝ መሰለኝ። ለነገሩ ማዳንም ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ሦስቱን ጣቶቹን ቆረጧቸው። የቀሩት አውራ ጣቱና ትንሿ ናቸው፤ እነሱም ደርቀው ቀሩ። እኔ ልጠይቀው ስወሰድ አኩርፌ ጥግ ቆምኩ። ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? በሱ ቀልድ ምክንያት ያቺ ቆንጆ መኪና ጎኗ ተጨራምቶ፣ ተጎትታ ጋራዡ ገብታ ቀርታለች፤ ታዲያ ይቅርታ የሚጠይቀኝ እሱ ነው እንጂ! "ሳሚው" አሉኝ። አልሳምኩትም። "ተዉአት፤ ደንግጣ ነው" አላቸው። ቤት ከተመለሰም በኋላ ወር ሙሉ አላነጋገርኩትም።

ዝናቡ የገባ ሰሞን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ ከውስጥ ወጣ። ምላሴን አወጣሁበት። ፈገግ አላለም፣ አልተቆጣም። ተነሥቼ አፍንጫው ሥር ድረስ ሄጄ አወጣሁበት። በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ወደ ነፋሱ ዘርግቶ፣ ራሴን አልፎ ግድግዳውን እያየ፣

"ማነው እዚህ ያለው?" አለ።

እናቴ ጋ ሮጥኩ። "አባዬ አያይም እንዴ?"

ስፌቷን አላቆመችም። "አያይም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አንቺ ትምህርት ቤት ከገባሽ ጀምሮ ሲጠፋበት ነበር። አሁን ጨርሶ ሄደ።"

ጨርቅ ክምሩ ሥር ገብቼ የዋልኩት ያን ቀን ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ ቁልፏ፣ ቋጠሮው፣ የአጎቴ "ቀኝ ቀኝ"፣ "እሺ ዓይኔ"። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

ሁሉም ገባኝ ማለቴ ግን ስህተት ነው። ትልቁ አልገባኝም ነበር። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ሲል አጎቴ መንዳት ላስተምርሽ ብሎ ሲለምነኝ፣ እኔም አልነዳም ብዬ ስምል ስገዘት፣ ተናደደና ነገረኝ።

"አባትሽ ያቺን መኪና ለመንዳት ብሎ የሠራት ይመስልሻል? እጁን ሊያስተምርባት ነው። ዓይኔ ሲሄድ በእጄ እበላለሁ ብሎ። ሁለት ጊዜ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈትቶ ገጥሟታል፤ በሁለተኛው ጊዜ ዓይኖቹን በጨርቅ አስሮ ነው። በረሃ ስንሄድ በመንገድ ላይ ነገረኝ። 'ከእንግዲህ ቢጨልምም አልፈራም፤ እጄ ተምሯል' አለኝ። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። አንቺ ከኋላ ተኝተሽ ነበር።"

ሦስት ዓመት ሙሉ ያስተማረው እጅ ነው እኔን የያዘኝ።

አንድ ጊዜ ሞክሯል። ከአደጋው በኋላ በመጣው በጋ ይመስለኛል፤ የጋራዡ በር ገርበብ ብሎ አየሁትና ቀረብኩ። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ ዳዶ ብሎን ላይ ሊገጥም ይታገላል። በቀኙ ትንሽ ጣት ብሎኑን ደግፎታል። ዳዶዋ ወደቀች። ወለሉን በመዳፉ እየዳሰሰ ፈለጋት፣ አገኛት፣ ወደቀች። ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሞከረ። ወደቀች። የመጨረሻው ላይ ተንከባልላ እግሬ ሥር መጣች። ጎንበስ ብዬ ላቀብለው እችል ነበር። ካቀበልኩት ግን እዚያ እንደነበርኩ ያውቃል። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቆምኩ። እሱ በጉልበቱ እየሄደ ሌላውን ጥግ ሁሉ ዳሰሰ፤ ከዚያ ተነሣ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ወጣ፣ በሩን ዘጋው። ተመልሶ አልገባም። ከዚያ ወዲያ ቤቱን የያዘችው እናቴ ናት፤ በስፌት። አባዬ በረንዳው ላይ ተቀመጠ፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

እናቴ ባለፈው ዓመት ሞተች። አጎቴም ከሷ ቀድሞ ሞቷል። አባዬና እኔ ብቻችንን ስንቀር ከእንግዲህ ዝም ማለት የማልችልበት ቀን መጣ። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር። እግሩ ሥር ተቀመጥኩና ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"አባዬ፣ ቦዩን አይቼው ነበር።"

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ።

"ሌባ የምትለኝ መስሎኝ ነው። አንተ የምታይ መስሎኝ…"

በሁለቱ ደረቅ ጣቶቹ ራሴን ፈለገና አገኘው። "አውቃለሁ እኮ" አለኝ። "ጆሮሽን ሸፍነሽ ነበር። ፊት ለፊት ብቻ ነበር የማየው፤ አንቺን ያየሁሽ መሪውን ካዞርኩ በኋላ፣ ዘወር ስል ነው። ሸፍነሽ እየሳቅሽ ነበር። ልጅ ነበርሽ። ያልነገርንሽ እኛ ነን። በይ ተነሺ፣ መሬቱ ይቀዘቅዝሻል።"

ያን ቀን ያለቀስኩት ለቅሶ ሠላሳ ዓመት የተጠራቀመ ነበር። አለቀ፣ አረፍኩ አልኩ። ይቅርታው የምር ነበር፤ አባቴ ይቅር ሳይል ይቅር ብያለሁ የሚል ሰው አይደለም።

ከዚያ አሮጊቷን ለመስጠት ተስማማን። አሮጌ መኪና እያደሰ በረሃ የሚነዳ አንድ ወጣት አለ፤ ሸራ ለብሳ የቆመችውን አይቶ አበደላት። ሊወስዳት በሚመጣበት ጠዋት አባዬ "ሳትሄድ አንድ ጊዜ ልዳስሳት" አለኝ። ደስ አለኝ። ከጋራዡ የጎን በር በፊት፣ ሰው በሚገባበት በኩል፣ ሁለት የድንጋይ ደረጃዎች ነበሩ፤ ለሱ ብዬ ባለፈው ወር አስነሥቼ፣ ግቢውን ከበረንዳው እስከ ጋራዡ በር ድረስ በሲሚንቶ አስደልድዬዋለሁ። የሚያደናቅፈው አንዲት ጠጠር የለም። ላስደንቀው ብዬ አልነገርኩትም ነበር።

አንድ እጁን ይዤ፣ በሌላው እሱ ምርኩዙን ይዞ፣ ወጣን። እርምጃውን ቆጥሮ ያውቀዋል፤ ደረጃው የነበረበት ጋ ሲደርስ ቆመ። ወጣቱ ከውጭ ጡሩምባ ነፋ።

"ደረጃው የለም አባዬ፣ አስነሥቼዋለሁ" አልኩት። "ግባ፣ ሜዳ ነው።"

"እሺ ልጄ" አለኝ፤ ፈገግ ብሎ።

ከዚያ እጄን ቀስ ብሎ ለቀቀ። ምርኩዙን ወደ ፊት ሰደደና መሬቱን መታ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ግራ፣ ቀኝ። ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፤ ከበረሃው ወዲህ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ፣ ከፊቱ ምን እንዳለ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። እናቴን ይጠይቅ ነበር፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ መንገድ ላይ የማያውቀውን ሰው አስቁሞ ይጠይቃል። እኔን አይጠይቅም። ክፋት የለበትም፤ የሚያደርገውን የሚያውቀውም አይመስለኝም።

ምርኩዙን ለሦስተኛ ጊዜ መታ። መሬቱ ልክ እንደነገርኩት ሆኖ ሲያገኘው እግሩን አነሣ። እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ከኋላው ቆሜ ጠበቅሁት።